ሰኞ ገበያና ምርቃት ያስቀረው ፈተና

ጡረታ የወጣሁት ካርቱም፣ ጀሪፍ በሚባለው ሠፈር ነው። ጡረታ ስላችሁ በየወሩ የሚወሰድ አበል አለው ብላችሁ እንዳትቀኑ። የትምህርት ቤታችን ኮሚቴ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ነጭ ጀለቢያና ረጅም ጭብጨባ ሰጥቶ አሰናበተኝ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጀለቢያው መሬት ይጠርጋል፤ ጭብጨባው ግን በልኬ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጠመኔ የያዘ እጅ ሥራ ሲፈታ ይበላዋል፤ ስለዚህ ብዕር አስያዝኩት።

ምን እንደምጽፍ የነገረችኝ ሐና ናት። ሐና እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ተማሪዬ ነበረች። አማርኛዋ እንደ ረክሻ፣ እንደ አገር ቤቱ ባጃጅ፣ አቋራጭ ይወዳል። አንድ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «ኡስታዝ፣ የእናቴን ከተማ ፈለግኳት። ሰኞ ገበያ ካርታው ላይ ማፊ» አለችኝ። እዚህ አገር ኡስታዝ መምህር፣ ማፊ ደግሞ የለም ማለት ነው። እናቷ የተወለደችባትን፣ እኔም የመጀመሪያ ደሞዜን የበላሁባትን ከተማ በአንድ ቃል ደመሰሰቻት። ተናደድኩ። በልጅቷ አይደለም፣ በካርታው ነው። እንግዲህ ካርታው የዘለለውን እኔ ልሙላ።

ሰኞ ገበያ ከጎንደር ወደ ምዕራብ በሚወርደው መንገድ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሳይጀምር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሌሎች ከተሞች ታሪክ ንጉሥ አደን ወጥቶ፣ ወይም ባሕታዊ ራእይ አይቶ እየተባለ ይጀመራል። የእኛዋ የተቆረቆረችው በመኪና ብልሽት ነው። ጥጥ የጫነ አንድ የጭነት መኪና ከዋርካው ሥር ሲደርስ አክሰሉ ተሰበረ። ሾፌሩ መለዋወጫ ሲጠብቅ ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ። ከላይኛው መንደር እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት አዘኑለትና ጠላ ይዘውለት ወረዱ። ጠላ ባለበት ጠጪ አይጠፋም፤ ጠጪ ባለበት ደግሞ ሻጭ አይጠፋም። ሲበጋ መኪናው ተጠግኖ ሄደ፤ ሾፌሩ ግን እትዬ ብርቄን አግብቶ ሻይ ቤት ከፈተ። እኔ ስደርስ አርጅቶ በሻይ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ብቻ ይመረምር ነበር።

የከተማዋ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ አይወዱትም። ከመኪናው በፊትም ገበያ ነበረን ይላሉ። እትዬ ብርቄን ብጠይቃቸው፣ «ገበያውማ ነበረ፤ የሚገዛ ሰው አልነበረም እንጂ» አሉኝ። እኔ የእሳቸውን ይዣለሁ።

ትምህርት ቤቱ የመጣው ከፖሊስ ጣቢያው በኋላ፣ ከወፍጮው በፊት ነው። አውራጃው መምህር እልካለሁ፣ ቆርቆሮም እሰጣለሁ፣ ግድግዳው ግን የእናንተ ነው አለ። የተላኩት መምህር፣ በኋላም ዳይሬክተራችን የሆኑት ጋሼ ደምሴ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው ይልቅ በእጃቸው መያዝ የሚወዱ ሰው ናቸው። እንደመጡ ወደ ባለሥልጣን አልሄዱም። ሰኞ ሰኞ ገበያው መግቢያ ላይ ቆመው፣ በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ገበያ የሚመጣ ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ እንዲመጣ፣ አህያ ያለው ደግሞ ሁለት እንዲጭን ይለምኑ ጀመር። መጀመሪያ ሰው ሳቀባቸው። ኋላ አንዲት ባልቴት በአንድ እጃቸው የሚሸጡትን ዶሮ፣ በሌላው ድንጋይ አንጠልጥለው ብቅ ሲሉ ወንዶቹ አፈሩ። ከዚያ ወዲያ ባዶ እጁን የመጣ ሰው እህሉን ከመሸጡ በፊት ፌዝ ይሸምት ነበር።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን ግድግዳ አንድ መልክ የለውም። ከወንዙ የመጣው ጥቁር ነው፤ ከላይኛው መንደር የመጣው ቀይ፤ ከቆላው የመጣው ደግሞ እንደ አመድ የነጣ። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ስደርስ ግድግዳው ቆሞ ነበር፤ ጣጣው ግን አላለቀም። ወላጅ ሁሉ ድንጋዩን ያውቀዋል፤ ልጄ ከድንጋዬ አጠገብ ካልተቀመጠ ብሎ ይሟገታል። የመጀመሪያ ሥራዬ ተማሪዎችን በቁመታቸው ሳይሆን በአባቶቻቸው ድንጋይ ማስቀመጥ ሆነ። በማሠልጠኛው የተማርኩት ሥነ ልቦና ለዚህ አልረዳኝም። ተዋበች የምትባል ተማሪ ብቻ ያለ ክርክር ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ አባቷ አቶ ወርቁ በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት ትልቅ ቀይ ድንጋይ የመስኮቱ መሠረት ነበርና። ብርሃኑ በደብተሯ ላይ ይወድቃል። እኔ ካስተማርኳቸው ሁሉ ፈጣኗ እሷ ነበረች፤ ለብርሃኑ ይሁን ለጭንቅላቷ አላውቅም።

ስለ ጋሼ ደምሴ አሠራር ካልነገርኳችሁ ስለ ሰኞ ገበያ ነገርኩ አይባልም። ጥቁር ሰሌዳ ከአውራጃ አይጠብቁም። ከሻይ ቤቱ ራዲዮ የወጣውን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብስበው ይሰብራሉ፤ የውስጡን ጥቁር ዱቄት ከተወቀጠ ቅጠል ጋር ያሻሉ፤ ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች ብቻ ይቀባሉ። ወዲያና ወዲህ ከተቀባ ጽሑፉ ይብረቀረቅና ከኋላ ለተቀመጠው አይታይም። ጠመኔ እንዳይጮህ ከመጻፋቸው በፊት ለሁለት ይሰብሩታል። ሲጽፉ ጎናቸውን እንጂ ጀርባቸውን ለተማሪ አይሰጡም፤ ለዚህም ሲሉ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው በጎን መጻፍ ለምደዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚያደርጉት ነው። ጠመኔውን ኪሳቸው ይከታሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፤ ዝም ይላሉ። ለእኔ ለጀማሪው ያ ዝምታ መከራ ነበር። አንድ ተማሪ ሲጨነቅ አይቼ መልሱን ሹክ ልለው ስል ከክፍል በኋላ ጠርተው፣ «ጥያቄው የመምህሩ ነው፤ ዝምታው ግን የተማሪው ነው። አትንካበት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ የማስተማር ዘዴ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ አልሰማሁም።

ሰኞ ትምህርት የሚባል ነገር አልነበረም። ግማሹ ተማሪ በግ ይነዳል፤ ግማሹ እናቱን ያግዛል፤ የቀረው ከረሜላ ይፈልጋል። ጋሼ ደምሴ ሦስት ሰኞ ባዶ ክፍል ካዩ በኋላ ለወላጆች ሳይሆን ለቀኑ ተሸነፉ፤ ሰኞን ዘግተው ቅዳሜን ከፈቱ። ይህ ከመመሪያ ውጪ ነው። አውራጃው ኢንስፔክተር ላከብን፤ ሰውየው ሰኞ መጥቶ የተቆለፈ በር አገኘ። ጋሼ ደምሴ ገበያ መሀል አግኝተው ሰላም አሉት፤ ወላጆችን አንድ በአንድ አስተዋወቁት፤ በግ ሲመርጥም አብረውት ቆሙ። ቅዳሜ እንዲመለስ ለመኑት፤ ተመለሰ። ክፍሉ ሞልቶ የተረፈው ተማሪ በመስኮት ሲያዳምጥ አየ። ሲሄድ፣ «አቶ ደምሴ፣ እኔ ሰኞ ዕለት አልመጣሁም» አላቸው። ከኖሩኝ አለቆች ሁሉ እንደዚያ በቶሎ የገባው አላየሁም።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ፤ ሳልነግራችሁ ብቀር ደስ ባለኝ። ትምህርት ቤቱ አድጎ አድጎ የመጀመሪያዎቹን የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች አደረሰ። ፈተናው የሚሰጠው አውራጃው ከተማ ነው፤ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። ጋሼ ደምሴ ልጆቹን ይዤ በዋዜማው ጠዋት እንድነሣ፣ ወንዙን በቀን እንድሻገር፣ ከተማው ገብቼ እንዳሳድራቸው ነገሩኝ። ጊዜው ከበቂ በላይ ነበር። ያላሰብነው ምርቃቱን ነው።

በእኛ አገር ምርቃት ሲጀመር ኮፍያ ይወልቃል፣ አንገት ይደፋል፣ እግር ይቆማል። ከመሀሉ ተነሥቶ መሄድ ርግማን ከመቀበል አይሻልም። ገና ከዋርካው ሥር ሳንወጣ የከተማው ሽማግሌዎች መረቁን። የሚቀጥለው መንደር ሰዎች ደግሞ፣ ድንጋይ አላመጣንም ወይ፣ ልጆቹ የእኛስ አይደሉም ወይ ብለው መንገድ ላይ ተሰልፈው ጠበቁን። ባዶ ሆድ አይመረቅም ተባለና በላን። ሦስተኛው መንደር ሁለተኛው ያበላውን ሰምቶ የበለጠ ደግሷል። ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ፤ ግን ማንን ልቁረጥ? መጨረሻ ላይ አለቃ ፈንታ የሚባሉ እጅግ የተከበሩ ሽማግሌ በምርኩዝ ቆመው ጠበቁን። እሳቸው በጅምላ አይመርቁም። እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርተው፣ የአያቱን ደግነት አንሥተው፣ «ብዕርህ አይንጠፍ፣ ዓይንህ አይፍዘዝ፣ የተጠየቅኸው አይጥፋብህ» እያሉ ይወርዳሉ። እኛም አሜን እያልን፣ ፀሐይዋም እየወረደች።

ወንዙ ዳር ስንደርስ መሽቷል፤ ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ውኃው ሞልቷል። እዚያው አደርን። ሲነጋ ጎደለ፤ ተሻግረን እየሮጥን ደረስን፤ በሩ ተዘግቷል። ፈታኙ ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ከተከፈተ በኋላ የመጣ ሰው ማስገባት አይፈቀድልኝም ብሎ እሱም አንገቱን ደፋ። ልጆቹ አጥሩን ይዘው ቆሙ። ተዋበች በአጥሩ ቀዳዳ ብዙ አየችና ወደ እኔ ዞራ፣ «መምህር፣ ሁሉንም እኮ አውቀዋለሁ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

ወደ ሰኞ ገበያ ስንመለስ ሰው ፈተናውን ጨርሰን የመጣን መስሎት በእልልታ ተቀበለን። ያንን እልልታ ማስቆም በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው። ጋሼ ደምሴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ሰኞ ሲደርስ ገበያው መሀል ጉቶ ላይ ቆሙ፤ ኮፍያቸው እንደ ልማዳቸው በእጃቸው ነው። ልጆቻችንን የሚወድ ብዙ ሰው ስላለን እናመሰግናለን፣ ነገር ግን ፍቅራችን መንገድ ዘጋባቸው አሉ። አለቃ ፈንታ ከሁሉ በላይ ተሰብረው፣ «ታዲያ ልጅ ሳይመረቅ ይሂድ ነው የምትለን?» ብለው ጠየቁ።

«የለም፣ አለቃ» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ሲሄዱ ዝምታውን እንስጣቸው፤ እሱ የእነሱ ነው። ሲመለሱ እንመርቃቸው። ያን ጊዜ የሚቸኩሉበት የለም።»

ይህ የከተማዋ ሕግ ሆነ። በዓመቱ ተፈታኞቹ ሲነሡ ሕዝቡ እንደ ድሮው መንገድ ዳር ተሰለፈ፤ ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አለቃ ፈንታ አፋቸው እንዳያመልጣቸው በነጠላቸው ጥርቅም አድርገው ይዘው፣ በዓይናቸው ብቻ ሲሸኙን አያለሁ። ልጆቹ ሳቃቸውን አፍነው አለፉ፤ ወንዙን በጠራራ ፀሐይ ተሻገርን፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም አለፉ። ተዋበች ግን አብራን አልነበረችም። አዝመራው ከድቷቸው አባቷ ቤተሰቡን ይዘው ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርደው ነበር። ከመስኮቱ ሥር የነበረው ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶውን ቀረ፤ ልጆቹ ራሳቸው አይቀመጡበትም።

ከዚያ እኔ ወደ አውራጃው ከተማ ተዛወርኩ፤ ብዙም ሳይቆይ የአገሩ ነገር ተገለባበጠ። ስለዚያ ዘመን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ያውሩ። እኔ ድንበሩን በእግሬ፣ ጠመኔ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ተሻገርኩ ብዬ ልለፈው። ገዳሪፍ አጠገብ በስደተኞች ሠፈር በድንኳን አስተማርኩ፤ ነፋስ ሲነሣ ተማሪው ድንኳኑን ይይዛል፣ እኔ ሰሌዳውን እይዛለሁ። ካርቱም ስገባ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሠፈር የግድግዳ ቀለም ሸጥኩ፤ የሀብታሞቹ ሠፈር አል-ማንሺያ የሰው ግቢ ጠበቅኩ። ጋሼ ደምሴ አገር ቤት በሰላም አርፈው ትምህርት ቤቱ ቅጥር አጠገብ መቀበራቸውን የሰማሁት በዚያ ግቢ በር ላይ ተቀምጬ ነው። መቃብራቸውን የሸፈኑት ገበያተኞች ድንጋይ እያመጡ ነው አሉ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ጀሪፍ ያለው የእኛ ሰዎች ትምህርት ቤት ቀጠረኝ። ዳይሬክተሯ መምህርት ሰላም በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ በሥርዓት ግን እናቴ ናት። የአማርኛ ተጨማሪ ትምህርት ለመክፈት ስንነጋገር ኮሚቴው ቅዳሜ ይሁን አለ። እኔ የወላጆቹን ሥራ አውቀዋለሁ፤ በየሀብታሙ ቤት የሚሠሩት እናቶች፣ በየበሩ የሚቀመጡት አባቶች ልጃቸውን ይዘው መምጣት የሚችሉት በዚህ አገር የዕረፍት ቀን በሆነው በዓርብ ብቻ ነው። ስለ ሰኞ ገበያ ቅዳሜ ነገርኳት። ስቃ፣ «እንግዲህ የእርስዎ ኢንስፔክተር እኔ ልሁና፣ ቅዳሜ አልመጣሁም» አለችኝ። ዓርብ ሆነ።

ሰሌዳውን ራሴ ሠራሁት፤ ኮምፔርሳቶ ላይ፣ በባትሪ ድንጋይ፣ ከላይ ወደ ታች። አንድ ዓርብ ጠመኔዬን ሰብሬ፣ በጎን ቆሜ ጽፌ፣ ጥያቄ ጠየቅኩና እንደ ልማዴ ጠመኔውን ኪሴ ከትቼ ዝም አልኩ። በሩ ላይ ልጇን ልታስመዘግብ የመጣች ጠና ያለች ሴት ቆማለች። ክፍሉ ጸጥ እንዳለ፣ በቀስታ፣ «ይሄ የጋሼ ደምሴ ዝምታ ነው» አለች።

መልኳን አላወቅሁትም፤ ስንት ዘመን ነው ያለፈው። ያወቅኳት ወደ መስኮቱ ሄዳ ስትቀመጥ ነው።

ተዋበች ከሁመራ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ደርሳ፣ አል-ሳሃፋ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ባሏ ሞቷል። ልጇ፣ ያቺ የካርታዋ ሐና፣ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ በሌላው ትምህርት ጎበዝ ናት፣ አማርኛ ሲባል ግን ፊቷን ታዞራለች። የስምንተኛ ክፍሉን ፈተና አልፈተንም፣ ምን ያደርግልኛል ትላለች። እናትየዋ ቆጣችም፣ ለመነችም፤ አልሆነም። በመጨረሻ ያቺ የካርታዋ ነገር መጣች። ልጅቷ ከተማሽ የለም ባለች ቀን ተዋበች ሱቋን ዘግታ ወደ እኔ መጣች። ያመለጣት ፈተና ዛሬም ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በግል ተፈታኝነት ይቻላል አልኳት። ወደ ሐና ዞራ፣ «እንግዲህ በአንድ ቀን አብረን እንፈተናለን። እኔ ከቀረሁ አንቺም ቅሪ» አለቻት።

ልጅቷ እናቷ የምትቀር መስሏት እሺ አለች።

እኔ በዚያው ዓመት የጡረታ መውጫዬ ደርሶ ነበር። መምህርት ሰላምን እስከ ፈተናው ልቆይ ብዬ ለመንኳት፤ ኢንሻላህ አለችኝ፣ ይህም በእሷ ቋንቋ እሺ ማለት ነው። እናትና ልጅን አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። እናት የአማርኛውን ምንባብ ለልጅ ትፈታለች፤ ልጅ እንግሊዝኛውን ለእናት። ሒሳቡን ተዋበች ገና ተጽፎ ሳያልቅ ትመልሰዋለች፤ ሳይንሱ ግን እሷ ከተማረችው ወዲህ አድጎ ልጅ ወልዷል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ክፍሉ ሁሉ ያዳምጣል፤ እኔ ጠመኔዬን ኪሴ ከትቼ ዝም እላለሁ። ሐና እናቷን ማረም መጀመሪያ አሳፈራት፣ ኋላ ጣማት፤ ለማረም ደግሞ ራሷ ማወቅ አለባት። እንደዚያ እያለች ሳይታወቃት አማርኛ ለመደች።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተዋበች ቀረች። አል-ሳሃፋ ሱቋ ሄድኩ። በርበሬ እየሰፈረች ዓይኔን አላይ አለች። ሰው መሳቅ ጀምሯል አለችኝ፤ አንዷ ደንበኛዋ፣ ለሙሽርነት ነው ወይ የምትማሪው ብላታለች። ደግሞ ብወድቅስ፣ በልጄ ፊት ብወድቅስ አለች። ያን ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ የነበረችው ልጅ ታየችኝ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሰጠችኝን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

መፍትሔው ከማላስበው ቦታ መጣ። በሚቀጥለው ዓርብ ሐና ብቻዋን መጣች፤ ክፍል ግን አልገባም አለች። ደጃፍ ላይ ቆማ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች።

«ማማ፣ ያላ ነዪ። አንቺ ከቀረሽ እኔም ልቅር ብለሻል፤ እኔ ግን መቅረት አልፈልግም» አለች። ትንሽ አዳመጠችና ጨመረች፦ «ይሳቁ። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ተዋበች በረክሻ መጣች። እጇ ላይ በርበሬ ነበረ፤ እስክትታጠብ ሐና በሩ ላይ ጠበቀቻት።

የፈተናው ጠዋት ደረሰ። ነገሩ በካርቱም ያለ የሰኞ ገበያ ሰው ጆሮ ገብቶ ኖሮ፣ እኔ በማለዳ ስደርስ የትምህርት ቤቱ ቅጥር ዳር ተሞልቷል። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ከሥራ ፈቃድ የጠየቁ እናቶች፣ ቀለም መሸጫው ውስጥ አብሮኝ የሠራው ሳይቀር። ይህ ሁሉ ሰው የመጣው ሊመርቅ ነው። ጋሼ ደምሴ የሉም፤ እኔ ነኝ ያለሁት። ቆቤን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ፊታቸው ቆምኩ።

«የከተማችንን ሕግ ታውቁታላችሁ» አልኳቸው። «ስትገባ ዝምታ፣ ስትወጣ ምርቃት።»

አወቁት። ከወላጆቻቸው የሰሙትም፣ መንገድ ዳር ቆመው ያዩትም ነበሩ። እናትና ልጅ ከረክሻ ሲወርዱ ያ ሁሉ ሰው መንገዱን ለቆ ግራና ቀኝ ቆመ፤ አንድ ድምፅ የለም። አንድ ሽማግሌ ተሸንፈው «እግዜር...» ሲሉ ሚስታቸው በክርናቸው ጎሸሟቸው። የረክሻው ሾፌር ግራ ገብቶት፣ ማን ሞተባችሁ ብሎ በዓረብኛ ጠየቀኝ። ማንም አልሞተም፣ ሰው ሊፈተን ነው አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ፣ እሱም ሞተሩን አጠፋ። ዘበኛችን ዓም ኢድሪስ በሩን ከፈተ። ተዋበች ቀና ብላ አየችን፤ ሁላችንንም አየች። ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ገባች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ። በዚህኛው ጊዜ እሷ በውስጥ ነበረች።

ውጤቱ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሁለቱም አልፈዋል፤ ሐና በእንግሊዝኛ እናቷን በለጠች፤ እናቷ በሒሳብ በለጠቻት፤ በአማርኛው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ግን የሥራ ዘመኔ ያለቀው ውጤቱ የመጣ ቀን አይመስለኝም። ያለቀው ያን ዕለት በሩ እንደገና ሲከፈት ነው።

ሌሎቹ ተፈታኞች ወጥተው አለቁ። እናትና ልጅ መጨረሻ ወጡ። ተዋበች ደክሟታል፣ ጣቷ ቀለም ነክቶታል፣ ትስቃለች። ቀጥታ ወደ እኔ መጣችና ጫማዋን አውልቃ አንገቷን ደፋች።

«ሁሉንም አላወቅሁትም፣ መምህር» አለችኝ። «ግን ጻፍኩት። አሁን ይመርቁኝ።»

እጄን ዘረጋሁ። በሺህ የሚቆጠር ተማሪ የመረቀ አፍ፣ አለቃ ፈንታን ሲመርቁ የሰማ ሰው፣ አንዲት ቃል እንኳ አጣሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ሐና ዝምታው የምርቃቱ ሥርዓት መስሏት፣ ያለቀም መስሏት፣ ከሁሉ በፊት ጮክ ብላ «አሜን» አለች።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ተዋበች አንገቷን እንደደፋች ትከሻዋ በሳቅ ይርገፈገፋል። የእኔም አፍ በሳቁ ተከፈተ። ጀመርኩ። የአባቷን ትከሻ አነሣሁ፣ ቀዩን ድንጋይ አነሣሁ፣ ጋሼ ደምሴን አነሣሁ፤ ብዕርሽ አይንጠፍ፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ አልኩ። እኔ ስጨርስ ሽማግሌዎቹ ተቀበሉ፤ እነሱ ሲጨርሱ እናቶቹ። ለሐናም ለብቻዋ እንደ አዲስ ተጀመረ። ፀሐይዋ አናት ደረሰች። ዓም ኢድሪስ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ፣ «ያ ኡስታዝ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ በሩን ልዝጋ» አለኝ፤ ያም ሆኖ ወንበር አምጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ምርቃቱ ቀጠለ። የሚቸኩል ሰው አልነበረም።